ከተቀባዮቹ አንዷ

ሆሳዕና ከተማ ሳለሁ ጸሎት ቤታችን ውስጥ መዝሙር የምመራው እኔ ነበርኩ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሆነኝ አዲስ አበባ ሄጄ አንድ ኦርኬስትራ ውስጥ በዘፋኝነት ተቀጠርኩ። በጃንሆይ ጊዜ ለእኛ ዓይነት አማኝ ቤተሰብ፣ ዘፋኝ የሆነች ልጅ እንዳልተወለደች ትቆጠር ነበር። ከእናቴ በቀር ሰላም የሚለኝ አልቀረም።

አዲስ አበባም ቢሆን የሚያውቀኝ አልነበረም። በተከራየኋት ክፍል ብቻዬን እየበላሁ፣ አንድ ቀን ስታወቅ እናቴ ምን ያህል እንደምትኮራ እያሰብኩ እጽናና ነበር።

በሬዲዮ ብቻዬን የምዘፍንበት ተራ ሲደርሰኝ ቀድሜ ደብዳቤ ጻፍኩላት። የፊታችን እሁድ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስለምዘፍን ጠጅ ቤቱ ደጃፍ ሄደሽ ስሚኝ አልኳት፤ በሰፈራችን ሬዲዮ ያለው እዚያ ብቻ ነበር። ደብዳቤውን እንደ ልማዴ በጸሎት ቤቱ በኩል ላክሁት። እናቴ ማንበብ ስለማትችል የሚያነብላት አንድ የጸሎት ቤቱ ሽማግሌ ነበር። ልቤ አብጦ ባይሆን ኖሮ፣ ጠጅ ቤት ሂጂ የሚል ወረቀት በሽማግሌ አስነብባለሁ?

እሁድ ጠዋት ልምምድ ላይ ድምፄ ሰለለ። የኦርኬስትራው አለቃ ብዙም ሳያስብበት ሌላ ሴት አስገባና እኔን ከተቀባዮቹ ጋር ከኋላ አቆመኝ። አራት ነበርን። መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ፤ ከዚያ ፊቴን ታጥቤ ስቀበል ዋልኩ። ለእናቴ ግን አሳምሬ ዘፈንኩ፣ ሰው ሁሉ ወደደልኝ ብዬ ጻፍኩላት።

ከሁለት ዓመት በኋላ እሷን ለማየት ሆሳዕና ሄድኩ። እሁዱ የጌታ እራት የሚቀርብበት ነበር። ድሮ ከፊት የማትጠፋው እናቴ መጨረሻው አግዳሚ ላይ ብቻዋን ተቀምጣ አገኘኋትና አጠገቧ ተቀመጥኩ። ኅብስቱን የሚያድለው ሰው እኛ ዘንድ ሲደርስ ዞሮ ሄደ። በእኔ ምክንያት ነው ብዬ ነበር። ለካ እሷም ጠጅ ቤት ደጃፍ በመቆሟ ታግዳ ኖሯል። ጉባኤው ፊት ቆማ ተጸጽቻለሁ ብትል እገዳው ወዲያው ይነሳላት ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ እምቢ ብላለች፤ ለእኔም አንዲት ቃል አላስጻፈችም።

ቤት ስንገባ ተቆጣኋት። በእኔ ጥፋት ለምን ትቀጫለሽ፣ ተጸጽቻለሁ ብትዪ ምን ነበረበት አልኳት።

«ልጄን ልሰማ ሄጄ እንዴት ተጸጽቻለሁ እላለሁ?» አለችኝ በሀዲይኛ። ቀጠለችም። «ብቻዋን የዘፈነችው አንቺ እንዳልሆንሽ ወዲያው አውቄያለሁ። ከሚቀበሉት መሀል ግን ድምፅሽን መለየት አቃተኝ። ይቅር በይኝ ልጄ። የትኛዋ ነበርሽ?»

ሁለት ዓመት ሙሉ ውሸቴን ይዛልኝ ኖራለች። አፍሬ መሬት መሬቱን አየሁ።

ቀጭኗ ድምፅ የእኔ ናት አልኳት። ደስ አላት። እውነቱን ለመናገር፣ ያን ቀን እኔም ራሴን አልሰማሁትም።