ለአደባባይ የማይሆኑ ሁለት ሣጥኖች

ሰው ሁሉ ትልቁን ስፒከር ግዢ አለኝ። የሥራ ባልደረቦቼ ትልቁን አሉ፣ ጎረቤቶቼ ትልቁን አሉ፣ በሕይወታቸው ከሬዲዮ በቀር የሚናገር ዕቃ ነክተው የማያውቁት አክስቴ እንኳን «ምነው ልጄ፣ ከገዛሽ አይቀር ትልቁን ነው እንጂ» አሉኝ። እኔ ደግሞ ሰው ሁሉ ተስማምቶ ሲመክረኝ ደሜ ይፈላል። በደርግ ዘመን ይህ የሚያዋጣ ጠባይ አልነበረም፤ ግን ምን ላድርገው፣ አብሮኝ የተወለደ ነው።

ጎንደር ከተማ፣ ሆስፒታል ውስጥ፣ መድኃኒት ቤት እሠራ ነበር። አላገባሁም፤ የምኖረው ከአባቴ ጋር በአባቴ ቤት ነው። አባቴ መሪጌታ ነበር። ዕድሜውን በሙሉ ዜማ አስተምሯል፤ በደብሩ ማኅሌት ሲቆም ድምፁ ከሌላው ሁሉ ዝቅ ብሎ ከመሬት የሚወጣ ይመስል ነበር። አንድ ዓመት ጉሮሮው ውስጥ እብጠት ወጣበት። ሆስፒታላችን ውስጥ የሚሠራ አንድ ፈረንጅ ሐኪም መረመረውና እኔን ለብቻዬ ጠርቶ «ቀዶ ሕክምናው ነፍሱን ያተርፋል፤ ስለ ድምፁ ግን ቃል አልገባልሽም» አለኝ።

ይህ ሐኪም የድምፅ ነገር የሚያሳብደው ሰው ነበር። ማራኪ ሰፈር በተሰጠው ቤት አንዱን ክፍል ሙዚቃ መስሚያ ብቻ አድርጎታል፤ አልጋ የለ፣ ጠረጴዛ የለ፣ አንድ ወንበርና ስፒከሮች ብቻ። ከሕክምናው በፊት አባቴን እዚያ ወሰደውና በራሱ መቅጃ ዜማውን ቀዳው። አባቴ መቋሚያውን ይዞ ብቻውን ቆመ፤ አንድ ረጅም ዕዝል፣ ያን ዝግ ያለውን ጥልቅ ዜማ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አዜመው። ሐኪሙ ካሴቱን ለእኔ ሰጠኝ።

አባቴ ዳነ። ድምፁ ግን ሄደ። የቀረለት ሹክሹክታ ነው፤ እሱም ጆሮን ወደ አፉ ካላስጠጉ የማይሰማ። ማኅሌት መሄዱን አልተወም። ይሄዳል፣ ይቆማል፣ ከሌሎቹ እኩል መቋሚያውን ያነሳል ያወርዳል፣ አፉን ያንቀሳቅሳል፤ ድምፅ የለም።

ካሴቱን ቤታችን ባለችው ባለ አንድ ስፒከር ቴፕ ከፈትኩለት። ትንሽ ሰማና እጁን አወናጨፈ።

«ይህ እኔ አይደለሁም» አለ። «ይህ ትንኝ ነው።»

እውነቱን ነው። ያ ሁሉ ግርማ በዚያች ቴፕ ሲያልፍ ቀጭን ጩኸት ሆኖ ይወጣል፤ መቋሚያው ወለሉን ሲመታ ሰው በጥፍሩ ጠረጴዛ የሚያንኳኳ ይመስላል። ከጎረቤት ሌላ ቴፕ ተውሼ ሞከርኩ፤ ያው ነው። «ተይው ልጄ፣ እኔስ አልፌያለሁ» አለኝ። ይህችን ቃል ጠላኋት። ምን ማለት ነው አልፌያለሁ? ድምፁ ካሴቱ ውስጥ አለ፤ የጠፋው ማውጫው ነው። አባቴ የገዛ ድምፁን ሳይሰማ አይሞትም ብዬ ለራሴ ማልሁ።

ሐኪሙ አገሩ ሊገባ ዕቃውን ሲሸጥ የሰማሁ ዕለት ማራኪ ሮጥኩ። ሁለት ዓይነት ስፒከር ነበረው። አንደኛው ጥንድ ወገቤ ድረስ ይመጣል፤ ከሱ ጋር ለብቻው የሚቀመጥ፣ ጉልበት የሚሰጠው ማጉያ አለ፤ ማጉያው ማይክራፎን መሰኪያም አለው። ሁለተኛው ጥንድ ትንሽ የእንጨት ሣጥን ነው፤ ሲያነሱት ግን ድንጋይ የተሞላ ያህል ይከብዳል።

«የዚህ ማጉያ እያንዳንዱ ሣጥን ሆድ ውስጥ ነው» አለኝ ሐኪሙ። «ሌላ ዕቃ አይፈልግም። መብራት ላይ ትሰኪዋለሽ፣ ከቴፕሽ ቀጭን ሽቦ ትስቢለታለሽ፣ አለቀ። ግን የክፍል ዕቃ ነው፤ የአዳራሽ አይደለም።»

ወደ ቤት ስመለስ የቀበሌያችን ሊቀመንበር መንገድ ላይ አስቆመኝ። ወሬው እንዴት እንደቀደመኝ አላውቅም። «ትልቁን ግዢ፤ በሰልፍ ጊዜ ሰፊው ሕዝብም ይጠቀምበታል» አለኝ። ይህን አነጋገር የማያውቅ የሰፈራችን ሰው አልነበረም። የእኛ ቀበሌ ማጉያ በውሰት ይወስዳል፤ ውሰቱ ግን መመለሻ የለውም። ሠርግ እያጫወተ ልጆቹን የሚያሳድግ አንድ ጎረቤታችን ማጉያውን ለአንድ ቀን ብለው ወስደውበት፣ ዝናብ አስመትተው ቅርፊቱን ነው የመለሱለት። ሊቀመንበሩን «አስብበታለሁ» አልኩት። አላሰብኩበትም።

በማግስቱ አባቴን ይዤ ሄድኩ። መንገዱ አድክሞት ስለነበር ወንበሩ ላይ አስቀመጥነው። በትልቁ ጀመርን። ድምፁ ክፍሉን ሞላው፣ መስኮቱ ተንቀጠቀጠ፤ እኔ ራሴ ለአፍታ ተሸንፌ ነበር፣ ሰው ሁሉ እውነቱን ኖሯል አልኩ። አባቴ ግን ፊቱን አኮሳተረ። ጆሮዬን አስጠጋሁለት።

«ይህ ጯሂ ነው» አለ። «እኔ ጮኼ አላውቅም።»

ሐኪሙ ትንንሾቹን ከፈተ። መጀመሪያ ምንም የለም። ከዚያ ትንፋሽ መጣ፤ አባቴ ዜማ ሊጀምር ሲል በአፍንጫው የሚስባት ያቺ ትንፋሽ፣ ልጅ ሆኜ ነጠላዬን ተከናንቤ ስጠብቀው የምሰማት። ከዚያ ድምፁ ተከተለ፣ ዝቅ ብሎ፣ ሳይቸኩል። መቋሚያው ወለሉን መታ፤ እንጨት በእንጨት ላይ ሲያርፍ ነው የሚሰማው፣ ሌላ ምንም አይደለም። የአባቴ እጅ ቀስ ብሎ ተነሳና ጉሮሮውን ያዘ፣ የተሰፋበትን ቦታ። ዜማው እስኪያልቅ እጁን አላወረደም። እኔ ወደ መስኮቱ ዞሬ አለቀስኩ። ከዚያ አፍንጫዬን ጠርጌ የአንገት ወርቄን ፈታሁና ሐኪሙን «ትንንሾቹን» አልኩት።

ሰፈሩ ሳቀብኝ። ለዚህች ሣጥን ወርቋን ሰጠች ተባለ። ይበሉ።

መስሚያ ያደረግነው አባቴ ተማሪዎቹን ያስተምርበት የነበረውን ክፍል ነው፤ ግድግዳው ወፍራም ድንጋይና ጭቃ ነው። ሐኪሙ እንዳሳየኝ ሣጥኖቹን ከግድግዳው አራቅኋቸው፤ ከሁለቱም እኩል በሚርቅ ቦታ መደቡ ላይ ለአባቴ አጎዛ አነጠፍኩለት። ማስቀመጫ ስላልነበራቸው ከሸክላ ሠሪዎቹ መንደር ከወለቃ ሁለት ትልልቅ ገንቦ ገዝቼ ገልብጬ ላያቸው ላይ ባደርጋቸው፣ ገንቦዎቹ ራሳቸው አብረው ማዜም ጀመሩ። አባቴ ሳቀ። ከሕክምናው ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ያኔ ነው። ገንቦዎቹን አንስቼ በጥርብ ድንጋይ ተካኋቸው። «አሁን ሸጋ ሆነ» አለኝ።

ያ ሁሉ የተነጠፈ አጎዛ ግን ትርፍ ሆነ። በሐኪሙ ቤት መንገዱ አድክሞት ስለነበር ተቀምጦ ሰማ፤ በገዛ ቤቱ ዜማ እየተዜመ አይቀመጥም። መቋሚያውን ተደግፎ ይቆማል፣ ዜማው ሲወርድ አብሮ ይወርዳል፣ ሲነሳ አብሮ ይነሳል። እኔንም አያስቀምጠኝም። ቀኑን ሙሉ መድኃኒት ስቆጥር ውዬ እግሬ እያበጠ እመጣለሁ፤ ልቀመጥ ስል መቋሚያውን ወለሉ ላይ ይመታል። ተማሪ ሲያጠፋ የሚመታት ምት ናት። እያጉረመረምኩ እነሳለሁ።

የአብዮት በዓል ሲቃረብ አንድ ከሰዓት በኋላ ሊቀመንበሩ ሁለት የአብዮት ጥበቃ አስከትሎ መጣ። ትልቁን አለመግዛቴ እንዳናደደው ከፊቱ ያስታውቃል። ሣጥኖቹን ዞሮ ዞሮ አየ፤ ከቴፑ የሚመጣውን ቀጭን ሽቦ በጣቱ ተከተለ።

«ማጉያውስ?»

«ውስጡ ነው።»

«የምን ውስጥ? እኔ ስንት ማጉያ ሰብስቤያለሁ፤ ማጉያ ለብቻው ነው። የት ደበቅሽው?»

የሰው ማጉያ ሲለቅም የኖረ ሰው ካልሆነ በቀር እንዲህ ብሎ የሚሳሳት አይገኝም። አልጋ ሥር ገቡ፣ የእህል ጎታ ከፈቱ፣ የአባቴን የመጻሕፍት ሣጥን ገለበጡ። አባቴ ጥግ ላይ ቆሞ ያያቸዋል። ምንም ሲያጡ ሊቀመንበሩ ላቡን ጠረገና «ንብረት መሸሸግ ምን እንደሚያስከትል ታውቂያለሽ። ማጉያውን ካላወጣሽ ሣጥኖቹን እንወስዳለን፤ አንቺም አብረሽ ትሄጃለሽ» አለኝ።

ፈራሁ። አልፈራሁም ብል ውሸት ነው፤ በዚያን ጊዜ ተጠርቶ የሄደ ሁሉ አይመለስም ነበር። ግን ንዴቴ ከፍርሃቴ በለጠ። አባቴን አንድ ጊዜ ድምፁን በሽታ ወስዶበታል። ደግሞ ቀበሌ ይውሰድበት?

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ይቀመጡ» አልኩት። «ሌላ ማጉያ ይኑር አይኑር ሰምተው ይፍረዱ።»

ሦስቱም መደቡ ላይ ተቀመጡ፤ ጠባቂዎቹ ጠመንጃቸውን ጉልበታቸው መሃል አድርገው። ሌላ ካሴት ነበረኝ፤ ሰልፍ ላይ የሚዘመረውም ነበረኝ። እሱን ብከፍት ማንም ምንም አይለኝም። የአባቴን ከፈትኩ።

ትንፋሹ መጣ፣ ድምፁ ተከተለ። ያኔ አባቴ ከጥጉ ወጣ። ፊታቸው ቆመና አንድ በአንድ አያቸው። ከዚያ መቋሚያውን አንስቶ ወለሉን መታ። ሊናገር ቢሞክር የሚሰማው አልነበረም፤ ግን ሁሉም ያደጉት ደብር ሥር ነው፣ ምን ማለቱ እንደሆነ ማንም አላጣውም። ዜማ እየተዜመ ተቀምጣችሁ?

አንደኛው ጠባቂ፣ በዕድሜ የገፋ የአርማጭሆ ሰው፣ ወዲያው ተነሳ። ጠመንጃውን ግድግዳ አስደግፎ እጁን አጣመረ። ወጣቱ ሊቀመንበሩን አየ፣ አባቴን አየ፣ ተነሳ። ሊቀመንበሩ አልተነሳም። አንገቱን አቅንቶ ፊት ለፊት ያለውን ግድግዳ ያያል። አባቴ ደግሞ መታ። እዚያው ላይ ካሴቱ ውስጥ ያለው አባቴም መታ። እኔ በልቤ ይህ ሽማግሌ ዛሬ ያስገድለናል እያልኩ ነው። ሊቀመንበሩ ጉሮሮውን ጠረገ፣ «እስቲ ጀርባውን ልየው» ብሎ ተነሳ። ወደ ሣጥኑ ሄዶ ጎንበስ አለ፣ ምን እንደሚያይ እግዜር ይወቅ፣ ቀና አለ። እዚያው ቆመ። ዜማው እስኪያልቅ አምስታችንም ቆምን።

ካሴቱ ሲያበቃ ሊቀመንበሩ ወጣቱን ጠባቂ «አጥሩ ጋ ሄደህ ስማ» አለው፤ እኔን ደግሞ አስደገመኝ፣ እስከ ጥጉ አስጮኺው እያለ። ልጁ ሄዶ ተመለሰ። «ምንም የለም ጓድ። ዶሮ ነው የሚሰማው» አለ።

ሊቀመንበሩ ሣጥኖቹን በንቀት አያቸው። «ይህ ለአደባባይ አይረባም።»

«አይረባም» አልኩት። «ለዚሁ ብዬ ነው የመረጥኩት።»

ማለት አልነበረብኝም፤ ግን አንዴ ወጥቷል። አፍጥጦ አየኝ። እኔም አላቀረቀርኩም። «ራስ ወዳድ ነሽ» አለኝና ወደ በሩ ዞረ። «አዎ፣ ነኝ» አልኩ፣ እየሰማኝ። አልተመለሰም። ጠባቂዎቹም ተከትለውት ወጡ።

በሩን ዘግቼ ስመለስ መደቡ ላይ ዘጭ አልኩ። አባቴ መጥቶ አጠገቤ ቆመ። የበዓል ማግስት ፊቱ ነበር፤ ማኅሌቱ ሠምሮለት ሲመጣ የነበረው። ጎንበስ ብሎ አፉን ወደ ጆሮዬ አስጠጋ።

«አስነሳሁት» አለኝ።

«ጀርባውን ሊያይ ነው የተነሳው፣ አባባ።»

«ታዲያ አይቶ ሲያበቃ ምነው አልተቀመጠ?»