በሁዳዴ የታኘከ ቂጣ

ሰቆጣ ማስተማር በጀመርኩበት ዓመት፣ መጽሐፍ ላይ ያለውን ሁሉ ተማሪ ራሱ ካልሞከረው አልተማረውም የሚል ግትርነት ነበረብኝ። ስለ ምግብ መፈጨት የማስተምርበት ቀን ሁዳዴ መሃል ዋለ። የገብስ ቂጣ ይዤ ገባሁና ለክፍሉ ሁሉ ቆራርሼ አደልኩ፤ ለራሴ ፍርፋሪ እንኳ አልተረፈኝም። ምራቅ የእህሉን ዱቄት ወደ ስኳር ስለሚለውጠው ቂጣው ሲታኘክ ቆይቶ እንደሚጣፍጥ ነገርኳቸው። ጾመኞች መሆናቸውን አልረሳሁም። አኝኩ እንጂ አትዋጡ፣ ትተፉታላችሁ አልኩ። በብልሃቴ ኮርቼ ነበር።

ከተማሪዎቼ አንዱ ትምህርት ዘግይቶ የጀመረ፣ በዕድሜ ከእኔ እምብዛም የማያንስ ዲያቆን ነበር። ዓይኑን ጨፍኖ አኘከ፣ ተፋ፤ ከዚያ ፊቱ ጠቆረ።

"መምህር፣ ጣፈጠኝ" አለ። "መፈጨት ከአፍ ይጀምራል ካሉ፣ እኔ በልቻለሁ።"

ሌሎቹ በአገሩ ቋንቋ በኻምጣንጋ ተንሾካሾኩ። ዲያቆኑ ከሰዓት በኋላ ቅዳሴ ይገባል። ለቅዳሴ ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ያስፈልጋል፤ ደብሩ ያሉት ዲያቆናት ደግሞ ሦስት ብቻ ናቸው። አንዱ ከጎደለ ቅዳሴው ይታጎላል። ቅዳሴ ላስታጎለ መምህር በዚያ አገር ማን ልጁን ለትምህርት ይሰጠዋል?

ትምህርት እንዳለቀ ዲያቆኑን አስከትዬ ወደ ደብሩ አስተዳዳሪ ሄድኩና ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ተናዘዝኩ። ሽማግሌው ቄስ እስክጨርስ ሰሙኝ። ዲያቆኑን ውጦ እንደሆነ ጠየቁት፤ አልዋጥኩም፣ ጣዕሙ ግን ወርዷል አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። በልጅነቴ ዲቁና መቀበሌን፣ ገና አለማግባቴንም ያውቃሉ፤ የቀራቸው ጥያቄ አንድ ነበር።

"አንተስ ቀምሰሃል?"

"እስካሁን እህል አልቀመስኩም፣ አባ። ቂጣውንም ሁሉ ለእነሱ አደልኩት።"

"እንግዲያ በእሱ ቦታ ግባ።"

ለዓመታት የተውኩትን አገልግሎት ቅዳሴው እስኪያልቅ ቆሜ ፈጸምኩ። ዜማው ሁለት ጊዜ ጠፋኝ፤ ግን ደስ ብሎኝ ነበር፣ አልደብቅም። ውጭ ቆሞ ያስቀደሰው ዲያቆን ከእኔ በላይ ተደስቶ ጠበቀኝ።

ሽማግሌው ቄስ መቋሚያቸውን ተደግፈው የነገው ትምህርት ስለ ምን እንደሆነ ጠየቁኝ።

"ስለ ጨጓራና አንጀት ነው፣ አባ።"

ወደ ዲያቆኑ ዞረው አዩ።

"እሱን እንኳ ከፋሲካ በኋላ አድርገው" አሉኝ።