ኦዴትና የጠራው ታንከር

መጀመሪያ ያስተዋልኩት ወረቀቷን ነው። ኦዴት ቲቦ ከሽርጧ ኪስ የምታወጣው፣ በላስቲክ የተለበጠ፣ ከመዳፍ የማይበልጥ የጋዜጣ ቁራጭ። ከታንከሩ በብርጭቆ ትቀዳለች፤ ወረቀቱን ከብርጭቆው ጀርባ ትይዛለች፤ አንድ ዐይኗን ጨፍና በቢራው ውስጥ አሻግራ ታነባለች። «ጠፍታለች፦ ቡናማ ላም፣ ግራ ጆሮዋ የተሰነጠቀ፣ በስሟ ሲጣሩ የምትመጣ።» እስከ መጨረሻው ከተነበበ ቢራው ደርሷል። ጆሮዋ ላይ ከቆመ ገና ነው፤ ይተኛል።

ቢራ የሚነበብ ነገር መሆኑን ያን ቀን ነው ያወቅሁት። እኔ ፊት ለፊት ካለው ባንኮኒ ቆሜ ለእንግዳ እቀዳ ነበር።

መጥመቂያችን ቨርሞንት ውስጥ፣ ከካናዳ ድንበር ወዲህ፣ ወንዝ ዳር ባለ አሮጌ የወተት ፋብሪካ ውስጥ ነው። ኦዴት ልጅ ሆና የአባቷን ወተት ወደዚህ ቤት በጭነት መኪና ታመጣ ነበር። ላሞቹ ተሸጡ፣ ፋብሪካው ተዘጋ፣ የአሁኑ አለቃችን የኮርዊን አባት ገዝቶ ቢራ መጥመቂያ አደረገው፤ መጀመሪያ የቀጠረው ሰው እሷን ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ጠመቀች። ፊት የሚጠመቀው ሁሉ የጠራ ነበር። ሽማግሌው ሞቶ ቤቱ ለኮርዊን ሲተርፍ ድፍርሱ መጣ፤ የብርቱካን ጭማቂ የሚመስል፣ ሆፕ ከሚባለው የፈረንጅ ጌሾ የተነሳ ማንጎ ማንጎ የሚሸት፣ ምሬቱ የለሰለሰ ቢራ። አሁን በእኛ አገር ሰው ሰልፍ የሚሰለፈው ለዚህ ነው። የእኛው «የወንዝ ጉም» ይባላል። ጠማቂዋ ኦዴት ናት፤ ከአካባቢው ሁሉ አስበልጣ ትጠምቀዋለች፤ አትጠጣውም።

ለእሷ የቀረላት ከአራቱ ታንከሮች ሦስተኛው ብቻ ነበር። አሥራ አንድ ዓመት የጠራ ቢራዋን እዚያ ውስጥ ስታስተኛ ኖረች። ባለፈው የካቲት ግን ኮርዊን፣ «ሦስተኛው ለማሸጊያው ማሽን ይቀርባል፤ ለጉሙ ይሁን፤ አንቺ አራተኛውን ያዢ» አላት። ያዘች።

የዘወትር ደንበኛችን ዴልበርት፣ ከሜፕል ዛፍ ፈሳሽ ሽሮፕ የሚያፈላው ሽማግሌ፣ በገባ ቁጥር ይተነኩሳታል።

«ኦዴት፣ ዛሬ ደግሞ ምን ቀዳሽልን? የዝናብ ውሃ?»

«አንተ ገንፎህን ጠጣ። ማንኪያ ላምጣልህ?»

«አሻግሬ ሚስቴን የማይበት ቢራ ምን ያደርግልኛል!»

«እሷም አንተን ታይሃለች። ከባዱ እሱ ነው።»

እኔም ድፍርሱን እንደምወድ አንድ ቀን ነገርኳት። አልተቆጣችም። «ውደጂው፣ ልጄ» አለችኝ። «ምላስ አይታዘዝም። እኔ ግን የጠራውን የምወደው መደበቂያ ስለሌለው ነው። ጠማቂው ካጠፋ ያጠፋው ነገር እዚያው ቁጭ ብሎ ይታያል።»

ነገሩ የመጣው በመጋቢት፣ መንገዱ ሁሉ ጭቃ በሆነበት ሰሞን፣ ዓርብ ጠዋት ነው። ቅዳሜ አራት ሰዓት ላይ የወሩ የጉም ሽያጭ ነበር። ኮርዊን ከማሸጉ በፊት ከሦስተኛው ታንከር አንድ ብርጭቆ ቀዳ። ቀና ስል ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ ይዞታል። በብርጭቆው ውስጥ መስኮቱ ይታያል፤ ከመስኮቱ ወዲያ ወንዙ፣ ከወንዙ ላይ ድልድዩ፣ ሁሉም ወርቅ ውስጥ ተነክሮ። እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። ኮርዊን ግን ፊቱ አመድ መስሏል።

«ኦዴት። ነይ እስቲ።»

መጣች። ብርጭቆውን አየች። ወረቀቷን አላወጣችም።

«ይሄ ሦስተኛው ነው» አላት።

«አዎ፣ ሦስተኛው ነው። ማክሰኞ ማጥሪያውን ጄላቲን የጨመርኩት እዚህ ነው ማለት ነው። ለአራተኛው ነበር የበጠበጥኩት። እግሬ የለመደው መሰላል ላይ ወጣ።»

ኮርዊን ብርጭቆውን በቀስታ አስቀመጠ። «ሆን ብለሽ ነው?»

«ምን አልክ?»

«ይህን ቢራ እንደማትወጂው አገር ያውቃል። ታንከርሽንም ወስጄብሻለሁ። ሆን ብለሽ ነው ወይ?»

«ስህተት ነው» አለች።

ሳይደፈርስ አይጠራም ይባላል። እኛ ቤት ግን ቢራው ሲጠራ ነገሩ ደፈረሰ። ኮርዊን ካፖርቱን እንኳ ሳይለብስ መንገዱን ተሻግሮ ወደ ዳቦ ቤቱ ሄደ። ሲመለስ ትከሻው ላይ ከረጢት ዱቄት ነበር። የታንከሩ መሰላል ሥር ዱብ አደረገው፤ ነጭ አቧራ ጫማውን ሸፈነው።

«በውሃ በጥብጠን ከላይ እንጨምረዋለን። ጋዝ ከታች እንነፋበታለን። እስከ ከሰዓት ጉም ይሆናል።»

«ዱቄት?»

«ስንዴ እኮ ነው ኦዴት! ድሮስ ቢራው ውስጥ ስንዴ የለም?»

«አለ፤ አብሮ ሲጠመቅ። ይሄ ግን ግድግዳ መቀባት ነው።»

«ታዲያ ምን ላድርግ? ነገ ጠዋት ሁለት መቶ ሰው በር ላይ ነው። ጣሳው ላይ ጉም ተስሏል። ከፍተው ሲቀዱ ይሄን ሊያዩ ነው?»

«እኔ እነግራቸዋለሁ።»

«ምን ብለሽ?»

«እኔ ነኝ ያጠፋሁት ብዬ።»

ኮርዊን ሳቀ፤ ደስ የማይል ሳቅ ነበር። ከሕፃንነቱ ጀምሮ የሚያውቃትን ሴት እንደዚያ ሲያያት ዐይኔን የማሳርፍበት አጣሁ። «ጥሩ» አለ። «ሳይከፈት በፊት ሰልፉ ፊት ቆመሽ ንገሪያቸው። ትተውን ከሄዱ ግን አንቺም አብረሻቸው ትሄጃለሽ። ይሄ ካልተስማማሽ ዱቄቱን እኔው እጨምራለሁ።»

«ተስማምቶኛል።»

ቀኑን ሙሉ ሁለቱ ሲያሽጉ ዋሉ። ጉም የተሳለበት ጣሳ እየተንኳኳ በማሽኑ ላይ ያልፋል። ከረጢቱ እዚያው መሰላል ሥር፣ ሳይፈታ ቁጭ ብሏል። ባለፍኩ ቁጥር ሰው የተቀመጠ ይመስለኝ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ሰልፉ ከበሩ እስከ ድልድዩ ደረሰ። ተጣጣፊ ወንበር፣ ፔርሙስ፣ ብርድ ልብስ የለበሰ ውሻ። ኦዴት ባዶ የጣሳ ሣጥን ገልብጣ ላዩ ላይ ቆመች። ኮርዊን በሩን ተደግፎ እጁን አጣምሯል። እኔ ብርጭቆ የሞላ ትሪ ይዤ አጠገቧ ነበርኩ።

«ደህና አደራችሁ» አለች ድምጿን ከፍ አድርጋ። «የዛሬው ጉም ጠርቷል። ለሌላ ቢራ የተዘጋጀ ማጥሪያ እኔ ተሳስቼ ጨመርኩበት። ሆፑ ያው ነው፣ ብቅሉ ያው ነው። መልኩ ግን ሌላ ነው። ቀምሳችሁ ወስኑ።»

ከዚያ ከኋላ፣ «ምን አለች?» «ውሃ ሆኗል አለች!» ተባለ። ቀይ ኮፍያ ያደረገ ሰው ወንበሩን ማጠፍ ጀመረ።

«እሜቴ፣ አምስት ሰዓት ነድቼ የመጣሁት ድፍርሱን ብዬ ነው። የጠራማ ሰፈሬም ሞልቷል።»

ሄደ። ሁለት ሰዎች ተከተሉት፤ ቀጥሎ አራት። ኮርዊን እያንዳንዱን ጀርባ በዐይኑ እስከ መኪናው ይሸኛል። ሰልፉ መሐሉ ላይ መሳሳት ሲጀምር ኦዴት ከሣጥኑ አልወረደችም።

ትሪውን ይዤ ወደ ሰልፉ ገባሁ። ዴልበርት አንድ ብርጭቆ አነሳ፣ በጥርጣሬ አገላበጠው፣ ጠጣ። ዐይኑን ጨፈነና ደግሞ ጠጣ።

«ማንጎው አለ» አለ። ዐይኑን ከፈተ። «አሁን ጠፋ።» መልሶ ጨፈነ። «ኧረ እናንተ ሰዎች፣ አለ! ዐይናችሁን ጨፍኑ!»

ሳቅ ሆነ። ከኋላው ያለችው ሴት ዐይኗን ጨፍና ጠጣች፤ ባሏም፤ ቀጥሎም ሌሎቹ። ሊሳለሙ የቆሙ ይመስል፣ በዚያ ብርድ ውስጥ ሰው ሁሉ ዐይኑን ጨፍኖ ፊቱን ወደ ሰማይ አቅንቶ ይጠጣል። መሄድ የጀመሩትም መለስ ብለው ምንድነው ይላሉ። ኮርዊን የተጣመረ እጁን ፈታ። በሕይወቴ ትልቁን እፎይታ የተነፈስኩት ያኔ ነው።

ዴልበርት ግን ሙድ መያዙን አልጨረሰም። «በይ አሁን እውነቱን አውጪ ኦዴት! ሆን ብለሽ ነው አይደል? ዕድሜ ልክሽን ልታጠሪን ስትፈልጊ!»

ሁሉም ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። አብራ ብትስቅ ኖሮ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ሁላችንንም በየተራ አየችን፤ ከዚያ ወደ ኮርዊን ዞረች።

«ማክሰኞ ስህተት ነበር» አለች። «ሐሙስ ጠዋት ግን ቀድቼ አይቼዋለሁ። ላሚቱ እስከ መጨረሻ ትነበብ ነበር። ያኔ አተላው ሳይጠጥር ከታች ጋዝ ብነፋበት፣ ሆፕም ብጨምርበት መመለስ ይችል ነበር። አማረኝና ተውኩት። ለማንም አልተናገርኩም።»

ሳቁ እንደ ቧንቧ ተዘጋ። ዴልበርት ብርጭቆውን እያየ፣ «እኔ እኮ ቀልዴን ነው» አለ በትንሽ ድምፅ።

አራት ሰዓት ሆነና በሩ ተከፈተ። ሰዉ ገባ፤ ገዛ። ከሄዱት የቀሩት ይበልጣሉ። ኦዴት ከሣጥኑ ወርዳ ሽርጧን ፈታች፣ አጠፈችው፣ ለኮርዊን ሰጠችው።

«ሐሙስ?» አላት።

«ሐሙስ።»

«ትናንት ስጠይቅሽ ስህተት ነው አልሽኝ።»

«ግማሹን ነው የነገርኩህ።»

ኮርዊን ወደ ውስጥ፣ ወደ መሰላሉ ሥር ተመለከተ። ከረጢቱ አሁንም አልተፈታም። «ሰዉ እኮ አልሄደም፣ ኦዴት» አለ። ድምፁ የልጅ ድምፅ ሆኖ ነበር። «ስምምነታችን ሰዉ ከሄደ ነበር።»

«እሱ ስለ እነሱ ነበር፤ እኔ የምሄደው ሐሙስን ስለደበቅሁህ ነው» አለች። «አራተኛው ታንከር ሰኞ ይደርሳል። በሞቀ ብርጭቆ እንዳትቀዱት።»

እስከ ድልድዩ ተከተልኳት። ወረቀቱን ከመዳፏ ወደ ካፖርቷ ኪስ ስታዛውረው አየሁና አፌ ላይ የመጣውን ጠየቅሁ።

«ላሚቱ ተገኘች?»

ቆመች። ለመጀመሪያ ጊዜ የተጠየቀች ይመስል አሰበች።

«እኔ ምን አውቄ፣ ልጄ። የእኛ አልነበረችም። ፊደሉ ደቃቅ ስለሆነ ነው የያዝኩት።»

ከዚያ የቦት ጫማዋን ጭቃ በድልድዩ ብረት ላይ አራገፈችና ወደ ማዶ ሄደች።