ድኩላ፣ አፕልና ላሟን ያናገርንበት በጋ

መቼ እንደሆነ በትክክል አላስታውስም። ባለቤቴ የቤታችን ቆርቆሮ በተቀየረበት ዓመት ነው ትላለች፤ እኔ ደግሞ ከዚያ ቀጥሎ ባለው ዓመት ይመስለኛል። ሞባይል እንደነበረኝ ግን አውቃለሁ። ድኩላውን ፎቶ አነሳለሁ ብዬ የራሴን አውራ ጣት አንስቻለሁ፤ ያ አውራ ጣት እስከ ዛሬ ስልኬ ውስጥ አለ። ስልኩ ቀኑን ይናገራል ይሉኛል። እንዴት እንደሚናገር ስለማላውቅ እሷም እኔም በየእምነታችን እንኖራለን።

ቤታችን ከጊንጪ ወጣ ብሎ ወደ ደንዲ በሚወስደው በኩል ነው። ከጓሮው በታች ትንሽ ወንዝ አለ፤ ወንዙን ሲሻገሩ ጫካው ይጀምራል። እኔ ጉልበት በነበረኝ ዘመን እህል መጋዘን ውስጥ ጆንያ ተሸካሚ ነበርኩ፤ በኋላ ሚዛን ላይ ቆምኩ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ከዚያ አልገፋሁም። ዕድሜዬን ሁሉ የሰው እህል ስሸከም ኖሬ፣ ሥራ ስተው እኔ የተከልኩትን ነገር ፍሬውን አይቼ ልሙት የሚል ሐሳብ ገባብኝ።

ጓሮው ላይ የባለቤቴ ባሕር ዛፍ ነበር። እሷ ወደ ገበያ በሄደችበት ቀን ቆረጥኩት አልልም፤ እያየችኝ ነው የቆረጥኩት። ጉቶውን ሳይቀር ነቅዬ፣ የግብርና ባለሙያዋ የሰጠችኝን ሰባት የአፕል ችግኝ ተከልኩ። ባለቤቴ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ስታይ ቆየችና፣

«አፕል ቤት ይማገርበታል?» አለችኝ።

«አይማገርበትም። ግን ይበላል።»

«ማን ይበላዋል?»

ያን ጊዜ ድኩላ ይበላዋል ብሎ ማን ያስባል።

«እንግዲህ ስማኝ» አለች። «ሦስተኛው ሰኔ እስኪገባ ዝም እልሃለሁ። ያን ጊዜ አንድ አፕል እጄ ላይ ካላስቀመጥክ ባሕር ዛፌን እመልሳለሁ።»

ሰኔ እኛ ዘንድ ዝናቡ ሲገባ የባሕር ዛፍ ችግኝ የሚተከልበት ወር ነው። እሷ ደግሞ አለች ማለት አለች ነው። ሁለት ሰኔ በሰላም አለፈ። ሦስተኛው የሚመጣበት በጋ ላይ ችግኞቼ ወገቤ ድረስ ደርሰው እምቡጥ አወጡ፤ እኔም እንደ ወጣት ጠዋት ጠዋት እየተነሳሁ እቆጥር ጀመር። አንድ ማለዳ ብቆጥር አነሰ። በማግስቱ ደግሞ አነሰ። ቀንበጡ ጫፍ ጫፉ በጥንቃቄ ተቀንጥቦ ተወስዷል።

በቀጥታ ወደ ጎረቤቴ ሄድኩ። እኩያዬ ነው። እሱ ጴንጤ፣ እኔ ኦርቶዶክስ፤ በጾም ወራት ምሳ ካለመጠራራታችን በቀር የሚለየን ነገር የለም።

«ፍየልህ አፕሌን ጨረሰችው» አልኩት።

«ፍየሌን ለገና አልበላናትም እንዴ?» አለኝ። «አንተ ራስህ ቅልጥሟን ይዘህ ስትታገል አልነበር?»

እውነቱን ነው። አፍሬ ተመለስኩ።

ጥፋተኛውን ያየሁት ከዚያ በሦስተኛው ቀን ጎህ ሲቀድ ነው። ቀይ ዳማ፣ ጎኑ ላይ ነጭ ነጠብጣብ የተረጨበት፣ ቀንዱ ጠምዘዝ ያለ ወንድ ድኩላ። ጫካው ደርቆበት አረንጓዴ ፍለጋ ወንዙን ተሻግሮ መጥቷል። አይሻማም፤ አይቸኩልም። አንዱን እምቡጥ ይበላና ቀና ብሎ ያኝካል፣ ወደ ሌላው ዛፍ ይሄዳል፣ ተጋብዞ የመጣ ሰው ነው የሚመስለው። አውራ ጣቴን ያነሳሁት ያን ጊዜ ነው።

ከዚያ ወዲያ ያልሞከርኩት የለም። ባዶ ጣሳ በገመድ ሰቀልኩ፤ ነፋሱ ሲያንኳኳው ያላስተኛው እኛን ብቻ ነው። ከፀጉር አስተካካዩ ቤት ፀጉር ለምኜ አምጥቼ በየዛፉ ሥር በተንኩ፤ ወፍ ለጎጆዋ ወሰደችው። የመጋዘኑን የሥራ ካፖርቴን በእንጨት ላይ አልብሼ፣ ባርኔጣ ደፍቼለት ማስፈራሪያ አቆምኩ። የፈራው የለም። እንዲያውም ድኩላው ጎኑን ያክበት ጀመር። የተቸገርኩት በሰዎቹ ነው። በአጥሩ ሥር የሚያልፍ ሁሉ «አከም ቡልተን» እያለ ለካፖርቴ ሰላምታ ይሰጣል፤ መልስ ሲያጣ ይቀየማል። አንድ የእድር ሰው ባለቤቴን መንገድ ላይ አስቁሞ፣ «ሰውዬሽ ምን ሆኖ ነው የዘጋን?» ብሎ ጠየቃት። «ድኩላ ኮርቶበት ነው» አለችው።

ፋሲካ ካለፈ በኋላ አማቴ ከእጃጂ መጡ። ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ አምቦ ፍል ውሃ ሊገቡ፣ እኛ ጋ ደግሞ ሊያርፉ ነው የመጡት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። በእኛ አገር አማችና አማት ይከባበራሉ። ይህ መከባበር የሚባለው ነገር ደግሞ ቀላል አይደለም። እኔ አማቴ ፊት አልበላም፤ ዓይናቸውን አላይም፤ በስማቸው አልጠራቸውም። እሳቸውም ከእኔ ጋር ፊት ለፊት ወሬ አይገጥሙም። የሚባል ነገር ካለ በባለቤቴ በኩል ይተላለፋል። የዛሬ ልጆች አማታቸውን አቅፈው ይስማሉ፤ ደግ አድርገዋል። እኔና እሳቸው ግን በዚያ ሥርዓት ያረጀን ሰዎች ነን። ልጃቸውን ካገባሁ ጀምሮ በቀጥታ የተነጋገርነው ቃል ቢሰበሰብ አንድ ጣሳ አይሞላም።

እሳቸው በመጡበት ሳምንት ጎረቤቴ መላ ይዞልኝ መጣ። እበት በውሃ በጥብጠህ ቅጠሉንና ግንዱን ቀባው፤ ሽታውን ስለሚጠላው አይነካውም አለኝ። ጥሩ ምክር ነው፤ ብዙ ሰው ያደርገዋል። እዚያ ላይ ብቆም ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር። እኔ ግን ማሻሻል አማረኝ። ውሃው ተራ ውሃ ከሚሆን ለምን ሆራ አይሆንም አልኩ። ሆራ ከመሬት የሚፈልቅ፣ ጨው ጨው የሚል ውሃ ነው፤ ከብት በየጊዜው እየተነዳ ሄዶ ይጠጣዋል። ለሆዴ ብዬ እኔም እጠጣዋለሁ፤ በጠጣሁ ቁጥር ፊቴ ይጨማደዳል። ከብት የሚወደው ስለለመደ ነው፤ ድኩላን ማን ሆራ ነድቶት ያውቃል፤ ሲቀምሰው እንደኔ ፊቱ ተጨማዶ ይሸሻል ብዬ አሰብኩ።

አማቴን ወደ አምቦ ፍል ውሃ በወሰድናቸው ቀን ሁለት ጀሪካን ሆራ ቀዳሁ። ስንመለስ እሳቸው ከባለቤቴ ጋር ሚኒባሱ ፊት፣ እኔ ከኋላ፣ ጀሪካኖቹ ጭኔ መሐል።

«አባባ፣ ለሆድ ነው?» አለኝ ረዳቱ።

«ለድኩላ ነው።»

«ድኩላም ሆዱን ያመዋል እንዴ?»

ሚኒባሱ ሁሉ ሳቀ። አማቴ አልሳቁም። አንገታቸውን ትንሽ ዘወር አድርገው ሳሉ።

በማግስቱ እበቱን በሆራ በጥብጬ ዛፎቹን እቀባ ጀመር። አማቴ በረንዳው ላይ ተቀምጠዋል። አሁንም ሳሉ። እንደገና ሳሉ። ባለቤቴን ጠርቼ፣ «እናትሽን ብርድ መቷቸዋል፤ ጋቢ ደርቢላቸው» አልኳት። ደረበችላቸው። ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ እሳቸው ጋቢያቸው ውስጥ ሆነው ይስላሉ። እኔ ደግሞ ለሆዴ ከማስቀረው ላይ እንኳ ሳልቆጥብ ቀባሁ፤ የተረፈውን ዛፎቹ ሥር አፈሰስኩት።

በነጋው ስወጣ ድኩላው ሚስቱን ይዞ መጥቷል። ለሁለት ሆነው ግንዱን ይልሳሉ። እበቱን ጠርገው፣ ልጡን በጥርሳቸው እየፋቁ፣ ሥሩ ላይ ያለውን አፈር ሳይቀር እየቆፈሩ ይልሳሉ። በድንጋይ ባባርራቸው አጥሩ ጋ ቆመው ጠበቁኝ። በሦስት ቀን ውስጥ ሁለት ዛፎች ልጣቸው ዙሪያውን ተገፎ ሞቱ። ከቀሩት አምስቱ እምቡጥ የያዘው አንዱ ብቻ ነበር።

ባለቤቴ አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። በገበያ ቀን ሄዳ፣ በፕላስቲክ የተያዘ የባሕር ዛፍ ችግኝ አስጭና መጣችና በሩ ሥር ደረደረችው። «ሰኔ ሩቅ አይደለም» አለች።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ አጥሩን ለማጠባበቅ መዶሻ ይዤ ጓሮ ገባሁ። አማቴ በርጩማቸውን አስወጥተው፣ ጀርባቸውን ለእኔ፣ ፊታቸውን ለላማችን ሰጥተው ተቀምጠዋል። ላሟ ታመነዥካለች። የሚናገሩት በኦሮምኛ ነበር፤ እኔ በአማርኛ ልጻፈው።

«አንቺ ላም» አሉ፣ «ሆራ ከቀመስሽ ስንት ጊዜሽ ነው?»

ላሟ ጆሮዋን አራገበች።

«አየሽ፣ አንቺን የሚነዳሽ ጠፋ። ድኩላ ግን ሆራው ቤት ድረስ ይቀርብለታል። ያውም ከአፕል ጋር።»

መዶሻውን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ዝም ብል ትልቅ ሰው መናቅ ነው፤ ብመልስላቸው ደግሞ ሥርዓቱን ማፍረስ ነው። ስለዚህ እኔም ወደ ላሟ ዞርኩ።

«ላሜ፣ እኔ ምን አውቄ» አልኩ። «የዱር እንስሳ ነው፤ ሆራ የሚነዳው እረኛ የለውም ብዬ ነው።»

«ላሚቱ፣ እረኛ ባይኖረው እግር እንዳለው ንገሪው። እኔ ልጅ ሆኜ ሆራ ዳር ከጥጆቹ ኋላ ቆሞ ተራውን ሲጠብቅ አይቼዋለሁ።»

«ላሜ፣ ታዲያ ያን ጊዜ ለምን አልተነገረኝም?»

«ላሚቱ፣ ሁለት ቀን ሙሉ ሳልኩ። ጋቢ አለበሱኝ።»

የምገባበት ጠፋኝ። ላሟ እኔን አየች፣ እሳቸውን አየች፤ በሕይወቷ ይህን ያህል ሰው አናግሯት አያውቅም። አማቴ ቀጠሉ። የቀሩት ዛፎች በንጹሕ ውሃ ይታጠቡ፤ እበቱ በተራ ውሃ ይቀባ። ሥሩ ላይ ሆራ የጠጣው አፈር ተዝቆ፣ ወንዙን ተሻግሮ ጫካው ጥግ ያለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ይደፋ፤ የለመደውን እዚያ ያገኛል። አጥሩን ሁሉ ማጠር አይቻልም፤ ለእያንዳንዱ ዛፍ ግን በቁመቱ ልክ በአጋም እሾህ ቅርጫት ይሠራለት። ደግሞ ያ ካፖርት ይነሳ፤ ጠዋት ሲነሱ እሳቸውን ያስደነግጣቸዋል።

«ላሜ፣ ሁሉም እንደተባለው ይሆናል» አልኩ።

ባለቤቴ ከጓዳ ሆና ስትሰማ ኖራለች። «ላሟን የማልባት ጊዜ ሲደርስ ስብሰባችሁን ትበትኑልኛላችሁ?» አለች።

አጋም መቁረጥ ቀላል አይደለም፤ እጄ ተቦጫጨረ። ጎረቤቴ መጥቶ አብሮኝ ጠመዘዘ። አማቴ በየቀኑ ለላሟ፣ ይኼኛው ቅርጫት ሰፍቷል፣ ያኛው ከታች ክፍት ነው እያሉ ይነግሯታል፤ እኔም ሰምቼ አስተካክላለሁ። ግንቦት ላይ አንድ ማለዳ ድኩላው መጣ። ቅርጫቱን አሸተተ፣ አፍንጫውን እሾህ ወጋው፣ አንገቱን ነቀነቀና ወንዙን ተሻግሮ ወደ ድንጋዩ ሄደ። ሚስቱ እዚያ ቀድማው ነበር።

ያች አንዷ ዛፍ አራት ፍሬ ያዘች። አንዱን ወፍ ነካው። ሰኔ በገባበት ቀን የቀሩትን ሦስቱን ቀጠፍኩ፤ ከሎሚ ብዙም አይበልጡም። አንዱን ባለቤቴ እጅ ላይ አስቀመጥኩ። ገለበጠችው፣ በነጠላዋ ጠረገችው፣ ገመጠችው።

«ይጎመዝዛል» አለች።

እየጎመዘዛት እስከ ዘሩ ጨርሳ በላችው። ከዚያ ዶማውን አንስታ የባሕር ዛፍ ችግኞቿን ከአጥሩ ውጪ፣ በመንገዱ ዳር ተከለቻቸው። እኔም ጉድጓድ ቆፈርኩላት።

ሁለተኛውን ለጎረቤቴ ሰጠሁት፤ ለፍየሏ ካሳ። ሦስተኛውን በርጩማቸው አጠገብ አስቀምጬ ዞር አልኩ። ከኋላዬ፣ «ላሚቱ፣ ጥርስ ለሌለው ሰው እንዲህ ያለ ነገር ይሰጣል?» ሲሉ ሰማሁ። በኋላ ሳይ ግን ባለቤቴ በማንኪያ እየፋቀች አጉርሳቸው፣ የቀረው ልጣጩ ብቻ ነበር።

ዛሬ ዛፎቹ ከእኔ ይበልጣሉ፤ ድኩላውም ከድንጋዩ አላለፈም። ላሟ ከቤታችን ከወጣች ቆይታለች። አማቴ ግን እስከ አሁን ከእጃጂ ስልክ ሲደውሉ ባለቤቴን፣ «ላሟ ደህና አደረች?» ብለው ይጠይቋታል። እሷም ስልኩን በእጇ ሸፍና ወደ እኔ ታያለች። ደህና አድራለች በያቸው እላታለሁ።

አፕሎቼን ያተረፉልኝን ሰው ስም ጻፍ ቢሉኝ አልጽፍም፤ አማች የአማቱን ስም አይጠራም። የባለቤቴ እናት ናቸው።