በሩ ላይ የነበረው ጽሑፍ

ኪሌሌሽዋ ሰፈር ያለውን አሮጌ ቤት ስንገዛ በሩ ላይ በቀይ ቀለም «ይህ ቤት አይሸጥም» የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ነበረ። ናይሮቢ ውስጥ ይህ ብርቅ አይደለም፤ አጭበርባሪ የሰው ቤት የራሱ አስመስሎ እንዳይሸጥ ባለቤቶች በራቸው ላይ ይጽፉታል። ሻጩ እየሳቀ፣ የጻፈው እሱ ራሱ እንደሆነ ነገረን። እኛም አብረነው ሳቅን። እንቁጣጣሽ ሲደርስ ባሌ፣ አዲስ ዓመት በአሮጌ በር አይገባም ብሎ አረንጓዴ ቀባው፤ ጽሑፉ ከሥር ቀረ።

ብዙም ሳይቆይ ከዘራ የያዙ አንዲት አሮጊት በሩ ፊት ቆመው አገኘኋቸው። ሰላም አልኳቸው። «የወንድሜን ጽሑፍ ማን አጠፋው?» ሲሉ ጠየቁኝ።

ክው አልኩ። መልስ ሳይጠብቁ ሄዱ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ የቤቱን ታሪክ ስናጠያይቅ ከረምን። የቀኝ ጎረቤታችን፣ ቤቱ የአንድ ህንዳዊ ጥርስ ሐኪም ነበር አለን። የግራዋ ደግሞ ሐኪሙ ተከራይ ነበር፣ አሮጊቷ ያደጉት እዚሁ ጓሮ አቮካዶው ሥር ነው ብላ ማለች። ሻጩ የወንድማቸው ልጅ ነው የሚል አለ፤ ጭራሽ አይዛመዳቸውም የሚልም አለ። መሬት መዝገብ ቤት ፋይሉ እየተፈለገ ነው ይሉናል። የሻጩ ስልክ ዝግ ነው። ጥሪታችን በሙሉ ያለው እዚህ ቤት ውስጥ ነውና ፈራሁ፣ በጣም ፈራሁ። መኪና በራችን ላይ ዝግ ሲል የያዝኩትን አስቀምጬ አዳምጣለሁ። ልጄ ግድግዳው ላይ ሥዕሏን ልስቀል ስትለኝ ቆይ እላታለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ አንድ ሰውዬ ሜትር ይዞ መጥቶ አጥራችንን ይለካ ጀመር። ቤቱ ይሸጣል ብሎ የላከው ደላላ ነው፤ ደላላውን ማን እንደላከው ግን ሰውየው አያውቅም። ሰውየውን እንደሸኘነው ባሌ ቀይ ቀለም ገዝቶ መጣ። ብሩሹን ከእጁ ተቀብዬ እኔው ጻፍኩት፦ ይህ ቤት አይሸጥም። እፎይ አልኩ። ቤቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የእኔ መሰለኝ።

ቀለሙ ሳይደርቅ አሮጊቷ መጡ። ከዘራቸውን ተደግፈው ቀስ እያሉ አነበቡት፤ ፊታቸው ፈታ አለ።

«አበጀሽ ልጄ» አሉኝ። «እስክመለስ ጠብቂልኝ።»