የእርቁ ዓሣ

የልጄ ባል በእረፍት ቀኑ ሐይቅ ዳር ዓሣ ማጥመድ የጀመረው በቅርቡ ነው። ከጀመረ ወዲህ ግን ሌላ ወሬ የለውም። ባለፈው ቅዳሜ ሁለት ጥቅል ክር ይዞ መጣና ጠረጴዛዬ ላይ ደረደራቸው።

"ፍሎሮካርቦን ይባላል ጋሼ" አለኝ። "ከዋናው ክር ጫፍ፣ ከመንጠቆው በላይ የሚቀጠል ነው። ውሃ ውስጥ ሲገባ ዓሣው አያየውም። ይሄኛው ቀጭን ነው፣ ያኛው ወፈር ይላል። የቱን ልውሰድ?"

ሚስቱ "አባዬ በወጣትነቱ አጥማጅ ነበር" ስላለችው ለጨዋታ ያህል ነው የጠየቀኝ። እኔ ግን ክሩን በሁለት ጣቴ ይዤ ሳሸው መዳፌን አላበኝ። ይሄ ሁሉ ዓመት አልፎ፣ አንድ ክንድ የማትሞላ ክር እንደገና ወንዙ ዳር መለሰችኝ። መልስ ከመስጠቴ በፊት ውሃ ጠጣሁ።

ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ከሸዋ ሮቢት ወጣ ብሎ፣ ከወንዙ በተጠለፈ ቦይ ሽንኩርት እናለማ ነበር። ከእኛ ማሳ ዝቅ ብሎ ያለው የጋሼ ሁሴን ነው። አባቴና ጋሼ ሁሴን አብረው ያደጉ፣ በሬ የሚዋዋሱ፣ አንዱ ሲታመም የሌላውን ማሳ የሚያጠጡ ጎረቤታሞች ነበሩ። እኔና የጋሼ ሁሴን ልጅ መሐመድ ደግሞ ከወንዝ ዳር አንጠፋም። የቆላውን ሙቀት የማያውቅ ሰው ይህን ቢያማ አልፈርድበትም። በሚያዝያ ቀትር ላይ ጥላ ያለው ወንዙ ዳር ብቻ ነው።

ነገሩ የተበላሸውም በአንድ የሚያዝያ ቀትር ነው። የውሃ ተራችን ሲያበቃ የቦዩን አፍ በጭቃ መድፈን የእኔ ሥራ ነበር። መሐመድ መንጠቆውን ይዞ ሲጠራኝ እንዳለ ትቼው ሄድኩ። ወንዙ ዳር ስንደርስ "ቦዩን ሳልደፍን መጣሁ" ስለው "ትንሽ እንቆይና ትመለሳለህ" አለኝ። ትንሽ ያልነው ጀንበር እስክታዘቀዝቅ ሆነ። ተመልሼ ማንም ሳያየኝ ደፈንኩት። ውሃው ግን የእኛን ማሳ ሞልቶ ቁልቁል ወርዶ፣ ሊነቀል ጥቂት ቀን የቀረው የጋሼ ሁሴን ሽንኩርት ውስጥ ተኝቷል። ለመነቀል የደረሰ ሽንኩርት ውሃ ከጠጣ አለቀለት። መሬት ውስጥ እንዳለ በሰበሰ።

አባቴ ጠየቀኝ። "ዘግቻለሁ" አልኩት። ፊቱን ሳየው ሌላ ቃል አልወጣኝም። እሱም ጋሼ ሁሴን ፊት ቆሞ "ልጄ ዘግቷል። ልጄ አይዋሽም። አንተ ካሳ ፈልገህ ነው" አላቸው። ከጋሼ ሁሴን አፍ ግን ካሳ የሚል ነገር አልወጣም ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱ ሰላምታ አቆሙ፤ መንገድ ላይ ሲገናኙ አንደኛው ወደ ሣሩ ይወርድ ነበር። እኔና መሐመድም ተራራቅን። እሱ እውነቱን ያውቃል፤ እኔም ማወቁን አውቃለሁ። ለምን ዝም እንዳለ ያን ጊዜ አልገባኝም። "ትንሽ እንቆይ" ያለው እሱ መሆኑ እሱንም ይበላው እንደነበር የተረዳሁት ኋላ ነው።

ጥምቀት ካለፈ በኋላ፣ ሁዳዴ ሳይገባ፣ ሽማግሌዎች ነገሩን ያዙት። ማንም ጥፋተኛ ሳይባል ይቅር ይባባሉና ከአንድ ማዕድ ይብሉ ተባለ። እዚህ ላይ ችግር መጣ። በእኛ አገር አብረን እናርሳለን፣ አብረን እናለቅሳለን፣ ሥጋ ግን ለየብቻ ነው። በእኛ ቢላ የታረደውን እነሱ አይበሉም፣ በእነሱ የታረደውን እኛ አንበላም። በሽሮ ደግሞ አባቴ አሻፈረኝ አለ፤ "በሽሮ ታረቀ ልባል ነው?" አለ። ቢላ የማይጠይቅ ሥጋ ዓሣ ነው። አባቴ ሽማግሌዎቹ ፊት ክንዴን ያዝ አድርጎ "ልጄ ያመጣል" አላቸው።

ልጄ ያመጣል። ያቺ ቃል ከድንጋይ ይልቅ ከበደችኝ።

ዓሣ ሲባል ደግሞ ሁሉም ዓሣ አይደለም። ከወንዛችን የማይጠፋው አምባዛ ነው፤ ጢሙን እያወዛወዘ ጭቃ ውስጥ ይተኛል፣ ያገኘውን ይውጣል፣ ገመድ ብታስርለትም ግድ የለው። ግን ቅርፊት የለውም። የእኛ ሽማግሌዎች ቅርፊት የሌለው ዓሣ በአፋቸው አያዞሩም። የሚፈለገው ቅርፊታሙ ነጭ ዓሣ ነው። እሱ ደግሞ በበጋ፣ ውሃው በጠራበት ወቅት፣ የእኛን ጥቁር ወፍራም ክር ከሩቅ አይቶ ይሸሻል። ሁለት ቀን ሞከርኩ። ሁለት አምባዛ ይዤ፣ ሁለቱንም ጥዬ መጣሁ።

በሦስተኛው ቀን ዋናው መንገድ ዳር ወዳለችው ጀውሃ ሄድኩ። ከአሰብ ጭነው የሚመጡ ሾፌሮች ምሳቸውን የሚበሉት እዚያ ነው። ጋሽ በቀለ የሚባሉ፣ ሁልጊዜ ፓፓያ የምሸጥላቸው ሾፌር ነበሩ። ችግሬን ስነግራቸው ሳቁብኝ፤ ከዚያ ግን ከመኪናቸው መቀመጫ ሥር የቆርቆሮ ሣጥን ጎትተው ሁለት ጥቅል እንደ መስታወት የጠራ ክር አወጡ።

"ባሕር ላይ ሰዎቹ ጫፉ ላይ ይችን ይቀጥላሉ" አሉ። "የጨው ውሃ የጠራ ነው፤ ዓሣው ክር ካየ ዝር አይልም። አሁን የቷን ልስጥህ? ቀጭኗ ጨርሶ አትታይም፣ ትልቅ ከያዝክባት ግን እንጃ። ወፈር ያለችው ትጎትታለች፣ ብልጥ ዓሣ ግን ሊያያት ይችላል።"

"እርስዎ ቢሆኑ ጋሼ?"

"እኔማ ሾፌር ነኝ!" ብለው ከሁለቱም አንዳንድ ክንድ ቆርጠው ሰጡኝ። "ስትቋጥር ከማጥበቅህ በፊት አርጥባት። በደረቁ ከጠበቀች እዚያው ቋጠሮዋ ላይ ትበጠሳለች።"

የእርቁ ቀን ማለዳ ወንዙ ዳር ስደርስ መሐመድ አንድ ዋርካ ሥር ተቀምጧል። ከዘጠኝ ወር በኋላ ብቻችንን ስንገናኝ የመጀመሪያችን ነበር። "አባቴ አግዘው ብሎኝ ነው" አለ፣ ዓይኔን ሳያይ። ከዚያ ለመንጠቆው ፌንጣ ይለቅም ጀመር።

ሁለቱን ክሮች ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ ስንት ጊዜ እንዳነሳሁ እንደጣልኩ አላውቅም። ፀሐይ እየወጣች ነው። እናቴ ሥጋ ነክቶት የማያውቅ አዲስ መጥበሻ ተውሳ፣ ዘይቱንና ሎሚውን አዘጋጅታ ትጠብቃለች። ሽማግሌዎቹ ለምሳ ይመጣሉ። በመጨረሻ ቀጭኗን መረጥኩ፤ በፍርሃት የሚመርጥ ሰው የማይታየውን ይመርጣል። ቋጠርኩና ፌንጣ ሰክቼ ወረወርኩ። ሳይቆይ አንድ ነጭ ዓሣ ውሃውን ሰንጥቆ ዋጠው። ክንድ የሚያህል ነበር። ሳብ ሳደርገው እጄ ላይ ቀለለኝ። ክሩን ባየው ቋጠሮው ላይ ተበጥሷል። በጥድፊያ በደረቁ ነበር ያጠበቅኩት።

ጠጠሩ ላይ ዘፍ ብዬ ተቀመጥኩ። መሐመድ ወፈር ያለችዋን ወሰደ፣ ውሃ ውስጥ ነከረ፣ ቀስ ብሎ ቋጠረና አቀበለኝ። እኔ ስይዛት ግን እሱ አልለቀቃትም።

"ዛሬ ካልተናገርክ እኔ ከዚህ ዓሣ አልበላም" አለኝ። "አባቶቻችን ዱዓ አድርገው ሊበሉ ነው። ውሸት ላይ ተቀምጬ ቢስሚላህ አልልም፣ ወላሂ።"

"አባቴ ይገድለኛል።"

"እኔም እናገራለሁ። አብረን ነው የቆየነው።"

ሦስት ነጭ ዓሣ ያዝን። ሦስቱንም ስንይዝ አንድም ጊዜ ደስ አላለኝም።

ማዕዱ የተዘረጋው በሁለቱ ማሳ ድንበር ላይ ባለው ማንጎ ጥላ ነው። የማሽላ እንጀራ፣ እስኪንኮሻኮሽ የተጠበሰ ዓሣ፣ ቃሪያና ሎሚ። ታናሽ ስለሆንኩ የማስታጥበው እኔ ነበርኩ። አንደኛው ሽማግሌ "ያለፈው አለፈ" ብለው ሲመርቁ፣ እኔ የጋሼ ሁሴን እጅ ላይ ውሃ እያፈሰስኩ ነው። ማቆም አቃተኝ። ውሃው እጃቸውን አልፎ ጭናቸው ላይ ወረደ።

"ጋሼ ሁሴን" አልኩ። "ያን ቀን ቦዩን አልዘጋሁትም። ለአባቴ የዋሸሁት እኔ ነኝ።"

"እኔም አውቅ ነበር" አለ መሐመድ ከኋላዬ።

አባቴ ብድግ አለ። ሊመታኝ ነው ብዬ ማንቆርቆሪያውን ጨበጥኩ። እሱ ግን አልፎኝ ሄደና ከድንበሩ ላይ ድንጋይ አነሳ። ማንም ይህን አድርግ ብሎ የፈረደበት የለም። ድንጋዩን ማጅራቱ ላይ ጭኖ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ጋሼ ሁሴን ፊት ቆመ።

"ካሳ ፈልገህ ነው ያልኩህ እኔ ነኝ" አለ። ድምፁ የእሱ አይመስልም ነበር።

"ተው ተክሌ! በአላህ! አውርደው!" ጋሼ ሁሴን እጃቸው እርጥብ እንደሆነ ዘለው ድንጋዩን ነጠቁትና ወረወሩት። ተቃቀፉ። ሽማግሌዎቹ ዓይናቸውን ጠረጉ። ዓሣው ቀዝቅዞ ተበላ፤ እሾሁ ብቻ ቀረ። መሐመድም በላ። ሁለቱ ሰዎች እስኪሞቱ ድረስ እንደዚያ ተዋደው ኖሩ።

እኔን አባቴ አልመታኝም፣ አልሰደበኝም። ነገሩንም ዳግም አላነሳውም። ብቻ ከዚያ ወዲያ የውሃ ተራችን አልቆ ወደ ቤት ስመለስ "ዘጋኸው?" ይለኛል። "ዘግቻለሁ አባዬ።" "እሺ ልጄ" ይልና ዱላውን አንስቶ፣ ራሱ ሊያይ ወደ ቦዩ ይወርዳል። ሁልጊዜ ዘግቼው ነበር። ሁልጊዜም ይወርድ ነበር፤ እግሩን ሲያመው እንኳ።

ለልጄ ባል "ወፈር ያለውን ውሰድ፤ ስትቋጥር አርጥበው" አልኩትና ነገሩ በዚህ አለቀ። ቀሪውን አልነገርኩትም። ሲሄዱ ልጄ በር ላይ ዞራ "አባዬ፣ ማታ ስደርስ እደውላለሁ" አለችኝ። እሺ አልኳት። ልጆቼን ሳሳድግ የነገሩኝን አምኜ ነው የኖርኩት። አንዳንዴ ዋሽተውኛል፤ ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። ተነስቼ ላጣራ ያማረኝ ቀን ብዙ ነው፤ ግን አልተነሳሁም። አባቴ ተሳስቶ ነበር አልልም፤ ሄዶ ማየት ይገባው ነበር። ግን ሲሄድ ጀርባው ለልጁ ምን እንደሚመስል እሱ አላየም። በሩ ላይ ቆሜ፣ ዱላውን ይዞ ቁልቁል ሲወርድ የማየው እኔ ነበርኩ።