ኦቦ ፈዬራ በሐኪም ቃል ታናሽ የሆኑ ጊዜ

አምቦ ውስጥ በአንድ ጤና ጣቢያ በር ላይ ሃያ ዓመት በዘበኝነት የቆዩት ኦቦ ፈዬራ ከበሽተኛ ጋር የማይደራደሩበት አንድ ቃል ነበራቸው፤ «ሐኪም ካለ አለ!» ክኒኑን ግማሽ ውጦ የጣለ፣ መርፌ ፈርቶ የሸሸ ሁሉ ቁጣቸውን ቀምሷል።

ታዲያ በ፲፱፻፸፭ ዓ.ም. የልደት ማስረጃ የሌለው ሠራተኛ የጡረታው ጊዜ እንዲታወቅ ወደ ሐኪሞች ቦርድ ሲላክ፣ ኦቦ ፈዬራም ታናሽ ወንድማቸው ጉርሙም ሄዱ። ጉርሙ መንገድ ሥራ ላይ ድንጋይ ሲፈልጥ የኖረ፣ ፀሐይ የጠበሰው፣ ጥርሱ የረገፈ ሰው ነው። ቦርዱ ለእሱ ሃምሳ አምስት ዓመት ጻፈለት። ለኦቦ ፈዬራ ግን፣ ጥርሳቸው ሙሉ ነውና፣ አርባ ስምንት።

ሌላ ሰው ቢሆን አቤት ይል ነበር። እሳቸው ያን ሁሉ ሕዝብ ሲገሥጹ ኖረው አሁን በምን አፋቸው? ከዚያ ቀን ጀምሮ ጉርሙን «ጋሼ» እያሉ አንቱ ይሉት፣ ማዕድ ሲቀርብም እጁን ያስታጥቡት ጀመር። ጉርሙ መጀመሪያ አፈረ። ሰንበት ብሎ ግን ለመደው፤ ሹመት መቼ ይጠላል!

ነገሩ የከረረው ልጃቸው ድንቅቱ ስትዳር ነው። በቤተ ዘመዱ ወግ ሙሽራዋን ቀድሞ የሚመርቀው ከወንድማማቾቹ ታላቁ ነው። ኦቦ ፈዬራ ደግሞ ያቺን ምርቃት ልጅቱ ከተወለደች ጀምሮ በልባቸው ሲያሰናዷት ኖረዋል። ቀኑ ደርሶ ድንቅቱ እግራቸው ሥር ስትንበረከክ እጃቸውን ወደ ራሷ ዘርግተው መለሱት።

«ወደ ጋሼ ጉርሙ ዙሪ፣ ልጄ» አሏት። የልጅቱ እንባ ዱብ ዱብ አለ።

ከጎጆ ከተማ በበቅሎ የመጡት እናታቸው አዴ ጉዴ ዱላቸውን ይዘው ብድግ አሉ። «ምን ጉድ ነው ይሄ?»

«አዮ፣ ሐኪም ከጉርሙ በሰባት ዓመት ታንሳለህ ብሎኛል። ሐኪም ካለ…»

«ጉርሙን የወለድኩት አባታችሁ በሞተ በሦስት ወሩ ነው!» አሉ አዴ ጉዴ፣ ዳሱ ሁሉ እስኪሰማ። «አንተ ከዚያ ወዲያ በሰባት ዓመት ከመጣህ፣ እስቲ ሐኪምህ ይንገረኝ፤ ከማን ወለድኩህ?»

ጉርሙ ማንም ሳይነግረው ከታላቅ ወንድም ወንበር ተነሣ። ኦቦ ፈዬራ ተቀመጡና እጃቸውን በልጃቸው ራስ ላይ ጭነው፣ እያለቀሱ፣ ያቺን የከረመች ምርቃት አንዲት ቃል ሳያጎድሉ አወረዷት።

ሲጨርሱ አንድ እድምተኛ፣ «እንግዲህ ሐኪምም ይሳሳታል በሉና፣ ኦቦ ፈዬራ!» ብሎ ነካ አደረጋቸው።

«የት ተሳሳተ?» አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «የመረመረው ጥርሴን ነው። እሱ ደግሞ የወተቱ ወልቆ በሰባት ዓመቴ የበቀለ ነው።»